ወድቀሃል ባዩ ጎረቤቴ

ሰው ከሥራው ጡረታ ይወጣል፤ ከአመሉ ጡረታ የወጣ ግን እስከ ዛሬ አልገጠመኝም። ካላመናችሁ ጎረቤቴን፣ ክቡር ፈታኙን፣ ላስተዋውቃችሁ።

ክቡርነታቸው ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከሹፌር ጎን ተቀምጠው፣ መዝገብ ታቅፈው፣ መንጃ ፈቃድ ፈላጊውን ሲያንቀጠቅጡት ኖሩ። ጡረታ በወጡ ማግስት ብስክሌት ገዙ። እኛ ለጤናቸው መስሎን "ጎሽ!" አልን። ለካ ፈተናውን አደባባይ ሊያወጡት ኖሯል!

ፍሬቻ ሳያሳይ የታጠፈ ታክሲ ካዩ መብራት ላይ ይደርሱበትና መስኮቱን ኳ ኳ አድርገው፣ "ወድቀሃል!" ይሉታል። አንድ ጊዜ የብስክሌት መስመር ላይ የቆመ አውቶቡስ ከነተሳፋሪው ጥለዋል። አድልዎ ደግሞ አያውቁም። በወንዙ ዳር መንገድ፣ ጆሮውን በማዳመጫ ደፍኖ በእግረኛ መሀል የሚከንፍ ብስክሌተኛም ይወድቃል። ራሳቸው እንኳ አንድ ቀን የእግረኛ መንገድ ላይ መውጣታቸውን ሲያውቁ ወርደው፣ "ወድቀሃል፣ አንተ ሽማግሌ!" ብለው ብስክሌቱን እየገፉ ወደ ጀመሩበት ተመልሰዋል።

መንጃ ፈቃድ ስፈተን እኔን ስንት ጊዜ እንደጣሉኝ ባትጠይቁኝ ደስ ይለኛል። እሺ፣ ሦስት ጊዜ። በአራተኛው ያለፍኩት እሳቸውን ጉንፋን ይዟቸው ሌላ ሰው ስለፈተነኝ ነው። ይኸው ሃያ ሁለት ዓመት ባገኙኝ ቁጥር፣ "ያ ጉንፋን ባይዘኝ ኖሮ ይሄኔ በእግርህ ነበርክ" ይሉኛል። እኔም በሆዴ፣ "ቆይ፣ አንድ ቀን አፋቸውን አስይዛቸዋለሁ" እላለሁ።

ቀኑ መጣላችሁ። ልብስ ሰፊው ደጃፍ መኪናዬን አቆምኩና ስልክ እያወራሁ፣ ኋላዬን ሳላይ በሩን ወለል አድርጌ ከፈትኩት። ጓ! አለ። ዘልዬ ስወርድ ክቡር ፈታኙ አስፋልት ላይ ተዘርግተዋል።

"እኔን ይድፋኝ፣ ጋሼ! ተጎዱ እንዴ?"

ከተኙበት አንድ ጣታቸውን ቀና አደረጉና፣ "ወድቀሃል!" አሉኝ።

የወደቁት እሳቸው፣ ወድቀሃል የተባልኩት እኔ። ሳቅ ግን ከየት ይምጣ፤ ደግፌ አነሳኋቸውና በመኪናዬ ሐኪም ቤት አደረስኳቸው።

የእጃቸው አንጓ ተሰብሮ ጄሶ ገባ። ልጠይቃቸው ስሄድ ባለቤታቸው፣ "ከእንግዲህ ሳይክል የሚባል ነገር የለም፤ ቆልፌበታለሁ። ዞር ብሎ የሚያይ ሰው በሌለበት መንገድ ባሌን አልሰድም" አሉኝ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። ክቡርነታቸው ግን ወንበር ስበው አስቀመጡኝና ፈተና ጀመሩ።

"የመኪናህን በር በየትኛው እጅህ ነው የምትከፍተው?"

"በግራዬ ነዋ፣ ለበሩ በሚቀርበው።"

"ለዚህ ነው! በቀኝህ ክፈት። ቀኝህ ወደ በሩ ሲሻገር ትከሻህ ይዞራል፤ ትከሻህ ሲዞር አንገትህ ይከተላል፤ ያኔ እኔን ታየኛለህ።"

ተለማመድኩ። እንዲያውም አበዛሁትና ቁም ሳጥኑንም ተጠማዝዤ መክፈት ጀመርኩ። ሚስቴ፣ "ካልሲ ልታወጣ ነው እኮ፣ ማን ይመጣብሃል?" እያለች ትስቅብኛለች። ሰፈሩ ግን ጭር አለ። ሹፌሩ ሁሉ እንዳሻው ይታጠፋል፣ ተው ባይ የለም። ምን ልደብቃችሁ፣ ያ "ወድቀሃል" ናፈቀኝ። ሰውዬውን ከነብስክሌታቸው ቤት ያስቀመጥኳቸው እኔ መሆኔ ደግሞ እንቅልፍ ነሳኝ።

ባለፈው ሳምንት እዚያው ልብስ ሰፊው ደጃፍ ቆምኩ። ቀኝ እጄን አሻግሬ ዞር ስል አንድ ብስክሌት እየመጣ ነው። በሩን ሳልከፍት ጠበቅኩ። ክቡርነታቸው ናቸው፣ ጄሶው ወጥቶላቸዋል! የቁልፉን ነገር ከባለቤታቸው ጋር እንዴት እንደተስማሙ እሳቸው ያውቃሉ። አጠገቤ ሲደርሱ፣ ፊታቸውን ከመንገዱ ሳያነሱ፣ "አልፈሃል!" አሉኝ።

እሳቸው በሰላም አለፉ። እኔም ከሃያ ሁለት ዓመት በኋላ አለፍኩ።