ክቡር ገዥው ሰልፍ ላይ

ሳይሾም የተሾመ ሰው የሌለበት ሰፈር የለም። አንዱ ሰፈር ሳይማር መድኃኒት የሚያዝ ሐኪም አለው፤ ሌላው ማንም ሳይጠይቀው የሚፈርድ ዳኛ። ለእኛ ሰፈር የደረሰው የማዕከላዊ ባንክ ገዥ ነው። ቢሮ የላቸውም፣ ማኅተም የላቸውም፣ የሚፈርሙበት ብር የለም፤ ነገር ግን ወለድ በጨመረ ወይም በቀነሰ ቁጥር መግለጫ ሳይሰጡ ምሳ አይቀምሱም። እኚህ ክቡር ሰው አጎቴ ናቸው፣ የእናቴ ታናሽ ወንድም። እኔ «ጋሼ» እላቸዋለሁ፤ ሰፈሩ «ክቡር ገዥ» ይላቸዋል።

ጡረታ የወጡት ከአየር ትንበያ መሥሪያ ቤት ነው፤ ይህም ብዙ ነገር ያስረዳል። ዕድሜያቸውን ሙሉ ዝናብ ይጥላል ብለው ፀሐይ አናት ስትበሳ «እኔ የተናገርኩት አዝማሚያውን ነው» ማለት ለምደዋል። ከደመና ወደ ገንዘብ ሲሸጋገሩ አንደበታቸውን መቀየር አላስፈለጋቸውም።

ፀጉር አስተካካዩ ዋጋ የጨመረ ጊዜ ያደረጉትን ላውራችሁ። ወንበሩ ላይ ተቀምጠው፣ አረፋ ተቀብተው፣ «አንተ አይደለህም የጨመርከው፤ ገንዘቡ ነው የረከሰው» አሉት። «ብዙ ገንዘብ ጥቂት ዕቃ ሲያሳድድ ዋጋ ይንራል። ያኔ ማዕከላዊ ባንኩ ወለድ ከፍ ያደርጋል። ብድር ሲወደድ ሰው እጁን ይሰበስባል፤ ሰው እጁን ሲሰበስብ ገበያው ይረጋጋል። ገባህ?»

ሰውዬው ምላጩን ጉሮሯቸው ላይ እንደያዘ «ገብቶኛል ክቡር ገዥ፤ ብቻ አይንቀሳቀሱብኝ» አለ።

ሌላ ቀን ዘመድ ልንጠይቅ የገባንበት ሕንፃ ላይ መብራት ጠፋና ሊፍት ውስጥ ተቀረቀርን። ሰው ሁሉ ትንፋሹ ሲያጥር ክቡርነታቸው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «አትስጉ። ሊፍቱ ጤነኛ ነው፤ ያጣው መብራት ብቻ ነው። ባንክም እንዲሁ ነው። ከስሮ የሚወድቅ አለ፤ ሀብት ሞልቶት ሳለ ለዕለቱ የሚከፍለው ጥሬ ገንዘብ አጥቶ የሚወድቅም አለ። ለዚህኛው ማዕከላዊ ባንክ ይደርስለታል፤ በር ሁሉ ሲዘጋ የሚያበድር እሱ ነው።» ጥግ ላይ የነበረች ነፍሰ ጡር «አባቴ፣ እኔ አሁን የሚያስፈልገኝ ደረጃ ነው» አለቻቸው።

ወሬያቸው ከየትም ይነሣ፣ የሚያርፈው አንድ ቦታ ነው፤ «ጉዳዩ የእምነት ነው።» ሰው ገንዘብን የሚቀበለው ሌላው ይቀበለኛል ብሎ ነው፤ ባንክ የሚቆመው ሰው ይቆማል ብሎ ስላመነ ነው። ይህን ሲሉ አመልካች ጣታቸውን ያነሣሉ፤ ጣቱ ካልወረደ ማንም አይናገርም።

እንግዲህ እንዲህ እየሳቅንባቸው ስንኖር እናቴ ታመመች። ልቧ ቀዶ ሕክምና ካላገኘ ዓመቱን አትዘልቅም ተባለ። ቤቷን ሸጠች፣ እኔ ዘንድ ገባች፣ የሆስፒታሉን ተራ መጠበቅ ጀመረች። የቤቱ ገንዘብ ታዲያ የት ይቀመጥ? ጋሼ መግለጫ ሰጡ፤ ማዕዘኑ ላይ ያለው አነስተኛ ባንክ ከትልልቆቹ የተሻለ ወለድ ስለሚከፍል እዚያ ይግባ። ገባ።

ቀዶ ሕክምናው ሊደርስ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ ጠዋት፣ የሰፈሩ ስልክ ሁሉ አንድ ዓይነት መልእክት ይዞ ነቃ፤ ባንኩ ሊዘጋ ነው፣ ገንዘብ ያላችሁ ድረሱ። መስኮት ከፍቼ ሳይ ሰዎች በቤት ጫማ እየሮጡ ነው። እናቴ ከመኝታ ክፍሏ ወጥታ ቆማለች፤ ከንፈሯ ነጭ ሆኗል።

ጋሼ ኮታቸውን ሳይቆልፉ መጡ።

«እውነት ነው?» አለቻቸው።

«እታለም፣ ተቀመጪና ላስረዳሽ። ባንኩ በሰው ገንዘብ የረጅም ጊዜ ቦንድ ገዝቶበታል። ቦንድ ማለት የብድር ሰነድ ነው። ሲገዛ ወለድ ዝቅተኛ ነበር። ማዕከላዊ ባንኩ ወለድ ሲጨምር አዲሱ ሰነድ የበለጠ የሚከፍል ሆነ፤ ታዲያ አሮጌውን ማን በሙሉ ዋጋው ይገዛዋል? ጊዜው እስኪደርስ ከታገሠ ባንኩ ገንዘቡን ያገኛል። ዛሬ ልሽጠው ካለ ግን በኪሳራ ነው።»

«ምን አስቸኮለው፣ ለምን ዛሬ ይሸጣል?»

«ሰው ሁሉ ዛሬ ካልከፈልከኝ ብሎ ከመጣበት ነው።»

እናቴ ሻሿን እያሰረች በመስኮቱ አየች። «መጥቷል እኮ» አለች።

ስንደርስ ሰልፉ ከባንኩ በር ወጥቶ፣ መድኃኒት ቤቱን አልፎ፣ ጋራዡ ድረስ ተጠማዝዟል። ገንዘብ መክፈያ ማሽኑ መስታወቱ ላይ «ለጊዜው አይሠራም» የሚል ወረቀት ተለጥፎበታል። ሰው አይጮህም። ቢጮህ ይሻል ነበር። ሁሉም የፊተኛውን ማጅራት እያየ፣ አንድ እርምጃ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ቦርሳውን ወደ ደረቱ ያስጠጋል። የቅርንጫፉ ሥራ አስኪያጅ፣ ገና ወጣት ሴት፣ በሩ ላይ ቆማ «ሁላችሁም ትስተናገዳላችሁ» ትላለች፤ ድምፅዋ ግን ከውስጥ ያለው ካዝና ምን ያህል እንደቀረው ይናገርባታል።

ጋሼን ሲያዩ ሰዎች ፊታቸውን መለሱ። ለዓመታት የሳቁባቸው ሁሉ አሁን ከአፋቸው ቃል ይጠብቃሉ።

«ክቡር ገዥ፣ ምን ይሻላል?» አለ የጭነት መኪና ሹፌሩ። ቀልድ አልነበረበትም።

«ረጋ ማለት ይሻላል» አሉ ጋሼ። «ባንክ ገንዘባችሁን በሳጥን አያስቀምጥም፤ ጥቂቱን ይዞ ቀሪውን ያበድራል። ሁላችንም በአንድ ቀን ከመጣን ደህናውም ባንክ ይወድቃል። ከረጋን ማዕከላዊ ባንኩ ይደርሳል።»

«ካልደረሰስ?» አለች ልብስ ሰፊዋ። የሴት ልጇን እጅ ጨብጣ ይዛለች።

«ይደርሳል።»

«እርስዎ አያወጡም ማለት ነው?»

«የእኔ እዚሁ ነው፤ አልነካውም።»

አንዳንዶች ከሰልፉ ወጥተው ግድግዳ ተደገፉ፤ አልሄዱም፣ አልተመለሱም። እኔ ጋሼን ከቅርብ አየኋቸው። ፀሐይዋ ገና አልበረታችም፤ የሸሚዛቸው ኮሌታ ግን በላብ ርሷል። አመልካች ጣታቸውን ሊያነሡ ሞከሩና መልሰው ኪሳቸው ከተቱት።

ተራችን ቀረበ። እናቴ ከከፋዩ መስኮት ፊት ለፊት ደርሳ ቆመችና ወደ ወንድሟ ዞረች። ከእኔ በቀር ማንም በማይሰማው ድምፅ «እስቲ መግለጫውን ተወው» አለች። «እንደ እናቴ ልጅ ንገረኝ። ላውጣ ልተው?»

ጋሼ አፋቸውን ከፈቱ። በሕይወቴ ከዚያ አፍ ሰምቼው የማላውቀው ቃል ወጣ።

«አላውቅም፣ እታለም።»



«ለእነሱ ያልኩት እውነት ነው» አሉ፤ ድምፃቸው ተሰብሯል። «ሁሉም ከረጋ ሁሉም ይተርፋል። ግን አንቺ ረግተሽ እነሱ ካልረጉስ? እኔ ነኝ እዚህ ያስገባሁሽ። አውጪው። ሙሉውን አውጪው። እኔን አትዪ።»

ጭንቁ ያኔ ገባኝ። ለአንዱ ብልህነት የሆነው ለሁሉም ጥፋት ነው። የገዥው እህት ቦርሳዋን ሞልታ ብትወጣ፣ ግድግዳ የተደገፈው ሁሉ ተመልሶ በሩን ይሰብረዋል፤ ሳታወጣ ብትሄድና ባንኩ ቢዘጋ ደግሞ ልቧን የሚጠግንላት የለም። ያ ሁሉ ዓይን እሷ ላይ ነበር። እኔ «አውጪ» ልላት ስል ቀደመችኝ።

እናቴ ወደ መስኮቱ ተጠጋች። ከፋዩ ቀና አለ።

«ልጄ፣ ሆስፒታሉ የጠየቀኝን ያህል ስጠኝ» አለችው።

«ቀሪውስ እማማ?»

«ቀሪው ይቀመጥ።»

ይህን ያለችው ጮክ ብላ አይደለም፤ ግን ክፍሉ በጣም ጸጥ ብሎ ስለነበር በሩ ድረስ ተሰማ። ሹፌሩ አንገቱን አስግጎ «ሁሉንም አላወጡም እንዴ?» አላት።

«ለሐኪሜ የሚበቃኝን ወሰድኩ። የቀረውን ቤት ብወስደው ማን ሊጠብቅልኝ ነው? ይኼ ወንድሜ? እሱ ሌባ ቢመጣ አስቀምጦ ስለ ወለድ ነው የሚያስተምረው።»

አንድ ሰው ሳቀ። ከዚያ ሌላ ሰው። ሳቁ የደስታ አልነበረም፤ ታፍኖ የቆየ ትንፋሽ መውጫ ያገኘበት ነበር። ልብስ ሰፊዋ ተራዋ ሲደርስ ለቤት ኪራይ የሚሆናትን ጠይቃ ወጣች። ከኋላዋ የነበረው ግን ሙሉውን አወጣ። ቀጣዩም እንደዚያው። እናቴ ባንኩን አዳነችው ብዬ አልዋሽም። ምናልባት ትንሽ ጊዜ ገዛችለት፤ እሱም ቢሆን እርግጠኛ አይደለሁም።

ከቀትር በኋላ ሥራ አስኪያጇ ሬዲዮ ይዛ ወጥታ ድምፁን ከፍ አደረገች። ማዕከላዊ ባንኩ ለባንኩ የሚያስፈልገውን ጥሬ ገንዘብ እንደሚያበድር፣ ቦንዶቹንም በመያዣነት እንደሚቀበል አስታወቀ። ብዙም ሳይቆይ ገንዘብ የጫነ መኪና ከጠባቂዎች ጋር በሩ ላይ ቆመ። ሰልፉ ወዲያው አልተበተነም፤ ሰው ማመን ሲጀምር እንኳ ቀስ ብሎ ነው። ቀን እያለፈ ሲሄድ ግን ሳሳ። በኋላ ባንኩ ከአንድ ትልቅ ባንክ ጋር ተቀላቀለ፤ የማንም ገንዘብ አልጠፋም።

አሁን ክቡር ገዥው ደረታቸውን ነፍተው «አላልኩም?» እያሉ ሰፈሩን የሚዞሩ መስሏችሁ ይሆናል። እኔም መስሎኝ ነበር። ፀጉር አስተካካዩ ወንበር አዘጋጅቶ ቢጠብቃቸው አልሄዱም። ሹፌሩ መንገድ ላይ አቁሞ ስለ ምንዛሪ ቢጠይቃቸው «እንግዲህ ማን ያውቃል» ብለው አለፉ። ሰፈሩ ግራ ገባው። «ክቡር ገዥን ምን ነካቸው?» እያሉ ሰዎች እኔን መጠየቅ ጀመሩ፤ ያ ሁሉ ሰው የሸሸው ድምፅ ሲጠፋ መንገዱ የጎደለው መሰለ።

የቀዶ ሕክምናው ቀን ኮሪደሩ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ጠርዙን ያሽከረክራሉ። የሚሰማው የመጥረጊያ ድምፅና የሩቅ በር መከፈት ብቻ ነው። በሩ በተከፈተ ቁጥር ሁለታችንም ከወንበራችን ከፍ እንላለን። ሰዓቱ በሄደ ቁጥር ፊታቸው እየጠቆረ መጣ። «ባንኩ ያን ቀን ቢዘጋባት ኖሮ» ብለው ጀመሩና አልጨረሱትም።

ዝምታውን መቻል አቃተኝ።

«ጋሼ» አልኳቸው፣ «ይኼ የቦንድ ነገር አልገባኝም። ወለድ ሲጨምር ለምንድን ነው የእሱ ዋጋ የሚወርደው?»

እያሾፍኩ እንደሆነ ለማወቅ ዓይኔን አዩኝ። እንዳላሾፍኩ ሲያዩ በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ ጀመሩ። ከቦንድ ወደ ወለድ ተሻገሩ፤ ከወለድ ወደ ዋጋ ንረት። ድምፃቸው ቀስ በቀስ ሥጋ ለበሰ። ሌላ በሽተኛ የሚጠብቁ አዛውንት ወንበራቸውን ወደኛ አዞሩ። እውነቱን ልናገር፣ እስከዚያ ቀን ድረስ አጎቴን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሰምቻቸው አላውቅም ነበር። ለካ ሰውዬው በደንብ ያስረዳሉ።

ሐኪሟ ብቅ ስትል ጋሼ በዓረፍተ ነገር መሐል ነበሩ። እንደ ልማዳቸው ጣታቸውን አንሥተው «አንድ ጊዜ» ሊሏት ዞሩ። አረንጓዴ ልብሷን ሲያዩ ጣታቸው አየር ላይ ቀረ።

«ደህና ናቸው» አለች። «ልባቸው በራሱ እየመታ ነው።»

ጣቱ ቀስ ብሎ ወረደ። ባርኔጣቸውን አንሥተው ፊታቸውን ሸፈኑ፤ ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ እጄን ጀርባቸው ላይ አሳረፍኩ። አዛውንቱ በመስኮት ውጭ የሚያዩ መስለው ፊታቸውን አዞሩ።

ብዙ ቆይተው ባርኔጣውን አወረዱና አፍንጫቸውን ጠረጉ።

«የት ደርሼ ነበር?» አሉኝ።

«የውጭ ምንዛሪ መጠባበቂያ ላይ ነበሩ፣ ጋሼ» አልኳቸውና ወንበሬን አስጠጋሁ።