እንግዳዬ «በልቼ ነው የመጣሁት» አሉኝ፤ እኔም አመንኳቸው

እናንተዬ፣ ዛሬ ሰው ምሳ ጋብዤ በባዶ ሆዱ ሸኝቼ መጣሁ።

ያውም ማንን? የማሂን አባት!

ማሂ ማለት እዚህ ገጽ ላይ አልፎ አልፎ «አንድ የማውቃት ልጅ» እያልኩ የምጽፍላት ናት። በቃ ዛሬ ይውጣ፤ ላገባት የምፈልጋት ልጅ ናት። እሷ እሺ ካለችኝ ቆየች። የቀሩት አባቷ ናቸው።

አባቷ ጋሽ አብርሃ ይባላሉ። ላንቻ የመኪና መለዋወጫ ሱቅ አላቸው። ኮታቸውን ቤታቸው ውስጥ እንኳ የማያወልቁ፣ ብዙ የማያወሩ፣ ሰው ሲያዩ ፍሪሲዮኑ ያለቀ መኪና እንደመጣላቸው ሁሉ ጆሯቸውን ጣል አድርገው የሚያዳምጡ ሰው ናቸው።

«ሽማግሌ ከመላክህ በፊት ለብቻችሁ አንድ ምሳ ብሉ» አለችኝ ማሂ። «አባዬ ሰውየውን ልየው ነው የሚለው። ከወደደህ የሽማግሌው ነገር ቀላል ነው።»

ካልወደዱኝስ? እሱን አልጠየቅኳትም። እንደሚወዱኝ እርግጠኛ ነበርኩ፤ ማለቴ ማን ነው እኔን የማይወደኝ?

እዚህ ላይ ቆም ብዬ አንድ ነገር ላስታውሳችሁ።

በቅርቡ «ሰውን አስገድዶ ማብላት ይብቃን!» ብዬ የለጠፍኩትን አስታወሳችሁት? «በሞቴ፣ አፈር ስሆን፣ ይቺን ብቻ እያሉ እንግዳ ማስጨነቅ ፍቅር ሳይሆን ጉልበት ነው። አልፈልግም ያለ ሰው አልፈለገም ማለት ነው። የሠለጠነ ሰው የእንግዳውን ቃል ያምናል» ያልኩትን?

ላይክ ያደረጋችሁት እናንተው ናችሁ! «በትክክል ወንድሜ!»፣ «ልክ ልካቸውን ነገርክልን!» ያላችሁኝ እናንተው። አንዷማ አክስቷን ታግ አድርጋ ነበር። ስለዚህ የዛሬውን ጉዴን ብቻዬን አልሸከመውም፤ ድርሻችሁን ውሰዱ።

ቦታውን የመረጥኩት እኔ ነኝ። ካዛንቺስ ያለ፣ ቢራውን እዚያው በትልልቅ የመዳብ ጋን እየጠመቀ የሚቀዳ ቤት ነው። ስሙን አልጠራም፤ እነሱም ሠርተው ይብሉ። ከሥራ ስንወጣ ከቢሮ ልጆች ጋር ጃንቦ የምንጨብጥበት ቤት ስለሆነ ቢራውን በደንብ አውቀዋለሁ። ምግቡን ግን ቀምሼው አላውቅም። የማውቀው ሜኑው ላይ ያለውን ፎቶ ነው።

ለምን ጥሩ ክትፎ ቤት አልወሰድካቸውም ትሉኛላችሁ። ክትፎማ ማንም ይጋብዛል! እኔ የፈለግኩት ጋሽ አብርሃ ወደ ቤታቸው ገብተው «ይሄ ልጅ ዓለም ያየ ነው» እንዲሉልኝ ነው።

ዓለምን ያየሁት እስከ ሐዋሳ ነው።

ስደርስ ቀድመውኝ በር ላይ ቆመው አገኘኋቸው። ኮት፣ ከራቫት፣ የተወለወለ ጫማ። ለእኔ ብለው ነው እንደዚያ የለበሱት። እኔ ቲሸርት ነው ያደረግኩት፤ ግን አዲስ ቲሸርት ነው።

ውስጥ ባዶ የነበረው ቦታ ረጃጅም ወንበሮች ያሉት ብቻ ነበር። ጋሽ አብርሃ አንድ ጊዜ ሞክረው ወረዱ፣ እንደገና ሞክረው ወጡ። እግራቸው መሬት አልነካም። እዚያ ላይ ተቀምጠው፣ በትልቁ ቴሌቪዥን የእንግሊዝ ኳስ እየጮኸባቸው፣ እንደ ልዑክ ቀጥ ብለው ጠበቁ።

አስተናጋጇ ሜኑ አመጣች።

«ምን ይበላሉ ጋሼ?» አልኩ።

«አይ፣ እኔ በልቼ ነው የመጣሁት።»

አሁን እዚህ አገር ላደገ ሰው ቀጥሎ የሚመጣው ግልጽ ነው። እኔ «እንዴ ጋሼ! ምን ሲደረግ!» እላለሁ። እሳቸው «ኧረ በፍጹም» ይላሉ። እኔ «በሞቴ!» እላለሁ። እሳቸው ትንሽ ያንገራግሩና «እንግዲህ ካልክ ልቅመስልህ» ይላሉ። ምግብ የሚታዘዘው ከዚያ በኋላ ነው። ይሄን ማንም አያስተምረንም፤ አብሮን ነው የሚያድገው።

እኔ ምን አልኩ?

«እሺ» አልኩ።

እሺ!!!

እንዲያውም ኮርቼ ነበር። በልቤ «ይኸው፣ የጻፍኩትን ኖርኩት» እያልኩ ነበር። የእንግዳዬን ቃል አመንኩ፣ አከበርኩ፣ ጉዳዩ ተዘጋ።

አስተናጋጇም ደንበኛ አትጨቅጭቂ ተብላ የሠለጠነች ትመስላለች። ሜኑውን ከፊታቸው አነሳች። ሹካና ቢላውንም አነሳች።

«ቢራስ ልቅዳልዎት አባባ?»

«አይ፣ ቢራ እንኳን ይቅርብኝ።»

ብርጭቋቸውንም አነሳችው! ፊታቸው የቀረው ናፕኪን ብቻ ነው። በኋላ ውሃ መጣላቸው፤ በረዶ ያለበት። ብርድ እንዳይመታቸው መሰለኝ ገፋ አድርገው አስቀመጡት።

እኔ የቤቱን ስፔሻል አዘዝኩ።

ስፔሻሉ በእንጨት ጣውላ ላይ ተንጋሎ መጣ። አንዲት ፊቷ የገረጣ ቋሊማ፣ ከጎኗ ድንች፣ ከድንቹ ጎን በኮምጣጤ የሰከረ ጥቅል ጎመን፣ ጥግ ላይ ሰናፍጭ። ፎቶው ላይ ያለው ሌላ ምግብ ነው። ፎቶው ላይ ያለውን ያገኘ ካለ ይንገረኝ።

ጋሽ አብርሃ ጣውላውን አዩት፣ ሰናፍጩን አዩት።

«ዛሬ ፍስክ አይደል እንዴ?» አሉ። «ሰናፍጭ የጾም ነው ብዬ ነው።»

«ከሥጋ ጋር ነው የሚበላው ጋሼ፣ የፈረንጅ አበላል ነው» አልኩ፣ እንደ ኖረበት ሰው።

«የምን ሥጋ ነው?» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

አስተናጋጇ ሰምታ ኖሯል። «የበሬ ነው አባባ። ለእርስዎም ላምጣልዎት?» አለቻቸው።

«አይ ልጄ፣ ጠግቤያለሁ» አሉና ወደ እኔ ዞር አሉ። አዩኝ። ያ አስተያየት ምን ማለት እንደነበር አሁን፣ ይሄን ስጽፍላችሁ፣ ከነፊደሉ ማንበብ እችላለሁ። ያኔ ግን ምን አልኳት መሰላችሁ?

«አትጫኛቸው» አልኳት።

ቋሊማዋ ከላይ ሞቃ ከውስጥ በረዶ ነበረች። ድንቹ አድሯል። ግን ቤቱን ያደነቅኩት እኔ ስለሆንኩ በየጉርሻው «ኡምም» እያልኩ ጨረስኩት። ጋሽ አብርሃ በመሃል ስለ ወላጆቼ ጠየቁኝ፣ ስለ ሥራዬ ጠየቁኝ፣ እኔም አፌን ሞልቼ መለስኩላቸው። ናፕኪኗን እያጠፉ፣ እየፈቱ፣ እያጠፉ በጣም ትንሽ አደረጓት።

«በል እንግዲህ፣ ሱቁን ዘግቼ ነው የመጣሁት» አሉ በመጨረሻ።

«ላንቻ ድረስ ታክሲ ልያዝልዎት?»

«አይ፣ ትንሽ በእግሬ ላዝግም።»

«እሺ» አልኩ። አዎ፣ አሁንም! ሌላ ሰው ቢሆን ቢያንስ እስከ ዋናው መንገድ ይሸኛቸው ነበር። እኔ በር ላይ ቆሜ እጄን አወዛወዝኩ። ጥሩ የሄደ መስሎኝ ነበር እኮ! ቲሸርቴን እያስተካከልኩ ፈገግ ብዬ ነበር።

ወዲያው የማሂ ቴክስት ገባ።

«በላልህ?»

«በልተው ነው የመጡት» ብዬ መለስኩላት።

«ማን አለህ?»

«እሳቸው ናቸዋ!»

«ስንት ጊዜ ለመንከው?»

ጥያቄውን እያየሁ ቆምኩ።

ከዚያ ሌላ መጣ። «ቁርሱን እንኳ አልበላም እኮ! ልጁ ሊጋብዘኝ ነው፣ ለእሱ ቦታ ልተውለት ብሎ ነው የወጣው።»

ክው አልኩ።

ቀልዱን ትንሽ ልተወው። አንድ ትልቅ ሰው ለእኔ ብሎ ከራቫት አሰረ፣ ለእኔ ብሎ ቁርሱን ተወ፣ እኔ ፊቱ ላይ «ኡምም» አልኩ። በጣም አፈርኩ። ማሂን ያጣኋት መሰለኝ፤ ደግሞ ላጣትም እችል ነበር፣ በአንዲት እሺ!

ሮጥኩ። በባምቢስ በኩል ወደ ኦሎምፒያ ቁልቁል ሮጥኩ። ኮት የለበሰ ሽማግሌ ሁሉ እሳቸውን እየመሰለኝ ሁለት የማላውቃቸው አባቶች ፊት እየዘለልኩ ተገተርኩ።

ኦሎምፒያ ሳልደርስ አንድ ሥጋ ቤት በር ላይ የጥብስ ሽታ አቆመኝ። ወደ ውስጥ አየሁ።

ጋሽ አብርሃ!

ኮታቸውን አውልቀዋል። ያንን የማይወልቀውን ኮት! ከራቫታቸውን ወደ ትከሻቸው ወርውረዋል፣ እጅጌያቸውን ሰብስበዋል፣ ፊታቸው ሸክላ ጥብስ እየተንጨረጨረ ነው።

ቀና ሲሉ ተያየን። እጃቸው መንገድ ላይ ቆመ። እሳቸው ጠግቤያለሁ ብለው ሲበሉ ተያዙ፣ እኔ እያለከለኩ በር ላይ ተያዝኩ።

«ና፣ እንብላ» አሉኝ።

ያቺ ቋሊማ ሆዴ ውስጥ እንደ ድንጋይ ተቀምጣለች፣ ጥብሱ ደግሞ ይጣራል። ግን እናቴ ያሳደገችው አፍ ነውና ሳላስበው አመለጠኝ።

«አይ ጋሼ፣ በልቼ ነው የመጣሁት።»

ትንሽ አዩኝ።

«እሺ» አሉ።

ከዚያ የሚቀጥለውን ጠቅልለው ጎረሱ።

እናንተዬ! ያቺ ቃል ስትሰጥ ቀላል ናት፤ ስትቀበሏት እዩዋት! «በሞቴ» እስኪሉኝ ጠበቅኩ። አላሉም። የተሰቀለውን ሥጋ አየሁ፣ ጫማዬን አየሁ። እሳቸው ይበላሉ።

«ማሂ ያንን ጽሑፍህን አንብባልኝ ነበር» አሉ ሲቆዩ። «የሠለጠነ ሰው የእንግዳውን ቃል ያምናል ያልከውን። ጥሩ ትጽፋለህ።»

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እኔ...»

«ምን አጠፋህ? እኔም ዛሬ ልሠልጥን ብዬ ነው።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ወንበር በእግራቸው ገፉልኝና ተቀመጥኩ።

«ብርድ ላይ ያደረ ሞተር በአንድ ቁልፍ ይነሳል?» አሉኝ።

«አይነሳም ጋሼ።»

«ካልተነሳልህ መኪናውን ጥለህ ትሄዳለህ?»

«ኧረ አልሄድም።»

«እንግዲህ ነገ ከነገ ወዲያ ሽማግሌ ትልካለህ። እኔ ልጄን በመጀመሪያው ቀን እንካችሁ ብዬ አልሰጥም፤ የወግ ነገር ነው። እንመካከርበት፣ አሁን አይሆንም እላለሁ። አንተ ደግሞ እሺ ብለህ ቤትህ ትገባለህ።» እጃቸውን ዘረጉ። «የእኔ ልጅ ምን ልትሆን ነው?»

እንጀራ ቆረስኩ፣ ጥብሱን ጠቀለልኩ፣ ወደ አፋቸው ዘረጋሁት።

«በሞቴ ጋሼ።»

«ኧረ በፍጹም፣ አሁንስ በእውነት ጠገብኩ።»

ልቤ «እሺ» ሊል ደረሰ። አፉን ያዝኩት።

«አፈር ስሆን!»

«ኧረ ተው ልጄ!»

«ይቺን ብቻ! ካልጎረሱልኝ ከዚህ አልነሳም!»

ሥጋ ቆራጩ ቢላውን አቁሞ ያየናል። ጋሽ አብርሃ አፋቸውን ከፈቱ። ቀስ ብለው አላመጡ፣ ዋጡ፣ ጺማቸውን ጠረጉ።

«እ፣ አሁን ቁልፉን አዞርከው» አሉ።

ከዚያ ለእኔም ጠቀለሉልኝ፤ ያውም መንጋጋ የሚያስወልቅ ጉርሻ። እምቢ አላልኩም። ከቋሊማዋ በኋላ እምቢ የሚል ሰው ሰው አይደለም።

ስንወጣ ኮታቸውን አለበስኳቸው። ላንቻ ድረስም በእግር ሸኘኋቸው፤ መንገዱን ሙሉ «ተመለስ» ሲሉኝ ነበር፣ አልሰማኋቸውም። ሱቁ በር ላይ ሲደርሱ «የፊታችን እሑድ ሽማግሌ ላክ» አሉኝ። «አይሆንም ብዬ እመልሳቸዋለሁ።»

ሳይደግስ አይጣላም የሚባለው ለካ እውነት ነው።

ያንን ፖስት አጥፍቼዋለሁ። ላይካችሁን መልሳችሁ ውሰዱ፤ አክስቷን ታግ ያደረግሽውም አክስትሽን ይቅርታ ጠይቂልኝ። ቢራ ቤቱ ለቢራ ጥሩ ነው፣ ምግቡን ግን ፎቶውን እያያችሁ ተሰናበቱት።

አሁን የምፈልገው አይሆንም ሲባል ወንበሩን ይበልጥ የሚያደላድል ሽማግሌ ነው። አባት፣ አጎት፣ የሰፈር ትልቅ ሰው ያላችሁ ኢንቦክስ አድርጉልኝ። «እሑድ እንኳን አይመቻቸውም» ብትሉኝ፣ እኔ እሺ ብዬ የምተዋችሁ ይመስላችኋል?