የጓድ ወልደጻድቅ ቀይ እስክሪብቶ

በደርግ ዘመን ውሃ የሌለው ቀበሌ ነበር፤ መብራት የሌለውም ነበር። ጥያቄ አራሚ የሌለው ቀበሌ ግን አልነበረም። የቦሌው ቀበሌ አራሚ ጓድ ወልደጻድቅ ይባላሉ፤ ጡረታ የወጡ የአማርኛ መምህር ናቸው። ከአዳራሹ ውጭ “ጋሼ”፣ በሩን ሲያልፉ “ጓድ”።

በእሁዱ የውይይት ክበብ መጠየቅ የፈለገ ሰው ጥያቄውን በወረቀት ጽፎ እስከ ዓርብ ያስገባል። እሳቸው በቀይ እስክሪብቶ ያርሙታል፤ አልታረም ያላቸውን ይዘጉታል። መዝጊያቸው ሦስት ነው፤ “ግልጽ አይደለም”፣ “ከአጀንዳ ውጭ ነው”፣ “ተደጋጋሚ ነው”። ልብስ ሰፊው ሙክታር “ከኅብረት ሱቁ ስኳር ለምን ጠፋ?” ብሎ ቢጽፍ፣ እሁድ የተነበበው “ስለ ስኳር አመራረት ማብራሪያ ይሰጠን” ነበር። ማብራሪያው ሁለት ሰዓት ፈጀ። ሙክታር ሻዩን ያለ ስኳር እየጠጣ የሸንኮራ አገዳ ሊቅ ሆኖ ቀረ።

ሾላ ገበያ በርበሬ የምትሸጠው ፈለቀች ግን መሳቅ ካቆመች ቆይታለች። ቢተው የሚባለው ልጇ ከአውቶቡስ ፌርማታ ለውትድርና ታፍሶ ከሄደ ሰባት ወሩ ነው፤ አንድ ደብዳቤ እንኳ አልመጣም። “ልጄ የት ነው ያለው?” ብላ አስጻፈች። እሁድ “እናቶች ለሠራዊታችን ስለሚሰጡት ድጋፍ” ተብሎ ተነበበ፤ ተጨበጨበም። እሷም አጨበጨበች፤ ምን ታድርግ? በሳምንቱ ደግማ ብታስገባ “ተደጋጋሚ ነው፤ ተዘግቷል” ተባለች።

መንገድ ላይ ጠብቃ ያዘቻቸው። “ጋሼ፣ መልስ ያላገኘ ነገር እንዴት ይዘጋል?”

“አንቺ ፈለቀች፣ ያልታረመ ጥያቄ ጠያቂውን ይዞ ይሄዳል” አሏት፣ ዓይኗን ሳያዩ።

“የእኔን ያሳይዎት!” ብላ በልቧ ረገመቻቸው። በሰኔ የእሳቸውም ልጅ አስፋው ታፈሰ። ፈለቀች ይህን ስትሰማ እርግማኗ የደረሰ መሰላት።

በሚቀጥለው እሁድ ከበላይ አካል የመጣ እንግዳ መድረኩ ላይ ተቀምጧል። ጓድ ወልደጻድቅ የመጨረሻዋን ወረቀት ገለጡ። ጽሕፈቱ የራሳቸው ነው፤ ቀይ ቀለም አልነካውም።

“ልጄ አስፋው የት ነው ያለው?”

እሳቸው በራሳቸው ድምፅ የደነገጡ ይመስል መነጽራቸውን አወለቁ። “ይቅርታ... ተደጋጋሚ ነው” አሉ። “ቀደም ሲል በጓድ ፈለቀች ተጠይቋል። ተዘግ...”

ፈለቀች ብድግ አለች። “የሥነ ሥርዓት አስተያየት አለኝ! የእኔ ተጠይቆ አያውቅም፤ ታርሞ ነው የተነበበው። ስለዚህ የጋሼ የመጀመሪያው ነው።”

አዳራሽ ውስጥ ሆና “ጋሼ” አለች። ማንም አላረማትም።

እንግዳው ሰዓቱን አየና ስብሰባውን ዘጋ። ሰው ተበትኖ ሁለቱ ብቻ ሲቀሩ ጓድ ወልደጻድቅ ቀይ እስክሪብቷቸውን አወጡ። ከአስፋው ቀጥሎ “እና ቢተው” ብለው እያነበቡላት ጨመሩ፤ “ልጄ” የሚለውንም ሰርዘው “ልጆቻችን”፣ “ያለው” የሚለውን “ያሉት” አደረጉት። ከሰው ጥያቄ ሲቀንሱ የኖሩት ሰውዬ ሲጨምሩ ስታይ ፈለቀች እርግማኗን እዚያው አነሳች።

ለዓርብ ሊያስገቡት ተስማሙ። ለማን እንደሚያስገቡት ግን ሁለቱም አላወቁም።