የአቶ ይበልጣል ዘመቻ ወደ አልፕስ ሐይቅ ዳር

ንጽሐፍ እንከ ዜናሁ ወምክሮ ለይበልጣል!

በዓሥራ አንደኛው ዓመተ ምክትልነታቸው፣ በዘመነ ማርቆስ፣ በወርኃ ኅዳር፣ ወንበራቸው በጸናበት፣ ስብሰባ ስብሰባን በሚወልድበት ዘመን፣ ከጎጃም ወጥተው አርባ ምንጭን በዝውውር ደብዳቤ የወረሱት፣ የሐይቅና የተራራ መስህብ ማስተባበሪያ ምክትል ኃላፊ፣ ሊቀ ስብሰባ፣ መፍቀሬ ሻይ፣ ጸላኤ ፀሐይ አቶ ይበልጣል፣ በአልፕስ ተራሮች ግርጌ በሐይቅ ዳር ስላለች አንዲት የጀብዱ ከተማ ሰሙ። በዚያ ሰው ጨርቅ ዘርግቶ ከተራራ ይዘላል፣ በገመድ ተንጠልጥሎ ገደል ይሻገራል፣ በበረዶ ውኃ ላይም ይቀዝፋል ቢሏቸው ልባቸው በቅንዓት ነደደ። ጡረታቸው ሊደርስ ስድስት ወር ቀርቶታልና፣ አሁን ካልሄዱ ባሕር ማዶን ሳይረግጡ የሚያረጁ ብቸኛው ምክትል ኃላፊ ሊሆኑ ነው።

ስለዚህም አዋጅ አስነገሩ፦ «ያልሰማህ ስማ፣ የሰማህ ላልሰማ አሰማ! ከአልፕስ ከተማ ልምድ ልንቀስም ቆርጠናልና ኮሚቴ ይቋቋም፤ ለኮሚቴውም ንዑስ ኮሚቴ ይቋቋም!»

ተከተሏቸውም፤ ማኅተሙን በአንገቷ አንጠልጥላ የምታድር ወይዘሮ ውቢት፣ መሪ ከጨበጠ ማንንም የማያሳልፍ ሾፌሩ ተስፋጽዮን፣ ስማቸው በቃለ ጉባኤ እንጂ በሥራ የማይታወቅ አሥራ አራት አባላት፣ በመጨረሻም አምና ተመርቃ በኮንትራት የተቀጠረችና የሁሉንም ሥራ የምትሠራ ለሊሴ።

ሰባት ሳምንት መከሩ። ለብርዱ ከጨንቻ ሸማኔዎች ቡልኮ አዘዙ፤ በሶ በአውሮፕላን ይገባል አይገባም በሚለው ላይ ብቻ ሦስት ቀን ተከራከሩ። የአዳራሹ መስኮት ወደ አባያ ይመለከታል፤ ነገር ግን የዚያኛው ሐይቅ ሥዕል በፕሮጀክተር ጠርቶ እንዲታይ መጋረጃው ተዘግቶ ነበር። ይህን እኔ ቃለ ጉባኤ ጸሐፊው አየሁ፤ በቃለ ጉባኤው ግን አላሰፈርሁትም፤ ዝምታ የሥራ መደቤ ነው።

በስምንተኛው ሳምንት ለላኩት ማመልከቻ ከአልፕሷ ከተማ የመልስ ደብዳቤ መጣ፤ ለሊሴም ተርጉማ አነበበችው፦ «ሐይቅን የሚያውቅ እንግዳ በደስታ እንቀበላለን። በራሳችሁ ሐይቅ ላይ ስትቀዝፉ የሚያሳይ ቪዲዮ ላኩልን።» ፍርሃት በጉባኤው ላይ ወደቀ። አቶ ይበልጣል ስለ አባያ አርባ ሁለት ሪፖርት ጽፈዋል፤ እግራቸውን ግን ነክረውበት አያውቁም። ወይዘሮ ውቢትም ተነሥታ አወጀች፦ «እኔ የተረከብሁት ማኅተም እንጂ መቅዘፊያ አይደለም! አዞ የበላው ሠራተኛ በየትኛው ቅጽ እንደሚሞላ እስኪገለጽልኝ ከደረቅ መሬት ንቅንቅ አልልም!»

በማግሥቱ ዘመቱ። መኪናው በጭቃ ተያዘ፤ ሠራዊቱም ቡልኮ ደርቦ በዚያ ሙቀት በእግሩ ወደ ዳርቻው ወረደ። በዚያም የጋሞ ሰው፣ ዓሣ አጥማጁ ዘካሪያስ፣ ከጀልባው ጋር ቆሞ አገኙት። እሱም ሠራዊቱን አይቶ አወጀ፦ «ጋሼ፣ ይሄ ጀልባ የሁለት ሰው ነው! ሁላችሁ ከገባችሁ ሁላችንም የዓሣ ምሳ ነን። አንድ ሰው ይምጣ፣ ሌላው እዚሁ ይቀመጥ፤ ውኃ እንደሆነ ኃላፊ አያውቅም!»

አቶ ይበልጣል ሁለት የነፍስ አድን ጃኬት ደርበው ገቡ። ገና ከዳር ራቅ እንዳሉ ነፋስ ተነሣ፤ መቅዘፊያው ከእጃቸው አመለጠ፤ እሳቸውም በሆዳቸው ተኝተው፣ መረቡን አቅፈው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ቅዱስ ገብርኤልን ተጣሩ። ዘካሪያስ መቅዘፊያውን በእግሩ ያዘ፣ ማዕበሉን በጎን ቆረጠ፣ ብቅ ያለውን አዞ ዞረ፣ ወደ ዳርም መለሳቸው። ለሊሴ ሁሉንም ቀረጸች። አቶ ይበልጣልም መሬት ሲረግጡ «ተቀዝፏል!» ብለው አወጁ፤ ሠራዊቱም አጨበጨበ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ መልስ መጣ፦ «ቪዲዮውን አይተን ተደነቅን። ከኋላ ቆሞ የሚቀዝፈውን ሰው ላኩልን፤ ቀዛፊዎቻችንን እንዲያስተምርልን እንሻለን። መረብ አቅፈው የተኙት አባት ግን ቤታቸው ይረፉ።»

መጋረጃው ዳግም ተዘጋ፤ ኮሚቴውም በአንድ ድምፅ አወጀ፦ «ዘካሪያስ ቋሚ ሠራተኛ አይደለምና፣ የመደብ መታወቂያ የለውምና፣ ንዑስ ኮሚቴም ውስጥ ተቀምጦ አያውቅምና፣ ጥሪው ለሚመለከተው አካል እንዳልደረሰ ይቆጠር!» ለሊሴ ለሰውዬው ይነገረው ብላ ጠየቀች፤ በወሩ ኮንትራቷ አልታደሰም። ይህን ስጽፍ አፈርሁ፤ ቢሆንም ጻፍሁ።

ይበልጣል ሆይ፣ ስምህ ከመዛግብት አይፋቅ! ማዕበልን በሆድህ የገጠምህ፣ ከመረብ ጋር ታቅፈህ ከአባያ የተረፍህ፣ ደብዳቤ ለመሳቢያ እንጂ ለባለቤቱ የማትሰጥ፣ አንተ ያልሄድህበትን መንገድ ሌላው እንዳይሄድበት የዘጋህ ጀግና! ዘካሪያስ ዛሬ ጠዋትም መረቡን ይዞ ወጥቷል፤ ባሕር ማዶ እንደተጠራ እስካሁን አያውቅም፤ ይህም ድል ያንተ ብቻ ነው።