ጠበል የተረጨው ኮምፒውተር

የዛሬ ሰው ኮምፒውተር ሲወለድ ጀምሮ ኪስ የሚገባ ይመስለዋል። ምን ያድርግ! የመጀመሪያዎቹ እኮ አንድ ሙሉ ክፍል ይዘው የሚንፈላሰሱ፣ እንደ ምድጃ የሚግሉ፣ አንዲት ቫልቮላ ስትታመምባቸው የሚያኮርፉ ጌቶች ነበሩ። ቫልቮላ ያልኳችሁ ያቺን የድሮ ሬዲዮ ውስጥ የምትበራ የመስታወት ብልቃጥ ነው። ይህን ዩኒቨርሲቲ አላስተማረኝም፤ ተርሚኒ ባቡር ጣቢያ አጠገብ አንሶላ ላይ ተዘርግተው የሚሸጡ አሮጌ መጻሕፍት ናቸው ያስተማሩኝ። ባለዲፕሎማ ዘመዶቼ ሳወራላቸው ያዛጋሉ። ያዛጉ!

ታዲያ ባዳንቴ፣ የቤት ተንከባካቢ፣ ሆኜ የምጦራቸው ሽማግሌ፣ ሲኞር ሬንዞ፣ በወጣትነታቸው እንዲህ ያለውን ማሽን ሲሞክሩ ከነበሩት መሐንዲሶች አንዱ መሆናቸውን ስሰማ ልቤ ልትቆም ነበር። ማሽኑ ሲፈርስ አንድ ቁራጩን ካንቲናቸው፣ ምድር ቤት፣ አስገብተውታል። ቁራጭ ስላችሁ ቁም ሣጥን ያክላል! ሥራው? መደመር። ሦስትና አራት ሲሰጡት ሦስት አምፖል አብርቶ ሰባት ማለት ነበረበት። አንዱ አምፖል አራት፣ መካከለኛው ሁለት፣ ሌላው አንድ ነው። መካከለኛው አልበራ ብሎ ግን አምስት ይላል። አምስት! የፒያሳ ቪቶሪዮ ገበያ በርበሬ ሻጭ እንኳ እንዲህ አይደፍርም።

ነገሩ ቀልድ አልነበረም። ልጃቸው ካንቲናውን ልታከራየው ፈልጋ፣ እሁድ መጥቼ ሰባት ካላየሁ ሰኞ የቆሻሻ መኪና ይወስደዋል ብላ ቁርጡን ነገረቻቸው። ሽማግሌው ቫልቮላዎቹን እየነቀሉ ለወጡ። አንዷን ብቻ አልነኩም። በወጣትነቴ በገዛ እጄ የተከልኳት ናት፣ እሷ አትታማም አሉኝ።

እሁድ ልጅቱ እጇን አጣምራ ቆመች። እሳቸው ማብሪያውን ጫኑ። ቫልቮላዎቹ ቀላ ቀላ ሲሉ ደስታዬን የት ላድርገው? እኛ ዘንድ መኪና ሲገዛ፣ አዲስ ቤት ሲገባ፣ ጠበል ሳይረጭ ይጀመራል? ከቦርሳዬ ጠርሙሴን አውጥቼ፣ በስመ አብ ብዬ ረጨት አደረግኩት! ጠብታው የት ቢያርፍ ጥሩ ነው? በዚያችው በማትታማዋ ላይ። የጋለ መስታወት ቀዝቃዛ ውሃ ሲነካው ምን እንደሚሆን አንብቤያለሁ፤ እጄ ግን አላነበበም። ጧ! አለች።

ሲኞር ሬንዞ እግዜር የለም ባይ ናቸው፤ በዚያች ቅጽበት ግን ስሙን ደጋግመው ጠሩት፣ ለጸሎት ባይሆንም። ልጅቱ አሎራ ፓፓ፣ እንግዲህ አባዬ፣ በቃ ብላ የቆሻሻ መኪናውን ልትጠራ ስልኳን አወጣች። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ! ማሽኑን አጥፍቼ አዲስ ቫልቮላ አቀበልኳቸው። እባክዎ አንዴ ብቻ ይሞክሩ አልኩ። የፈነዳችውን ነቅለው አዲሷን ተከሉ። አበሩ። ሦስት። አራት።

መካከለኛው በራ! ሰባት! ለካስ በሽተኛዋ ያቺው የማትታማዋ ኖራለች! እልልታዬን አቀለጥኩት፤ ልጅቱም ሳታስበው አጨበጨበችና፣ ቫ ቤኔ፣ እሺ፣ ይቀመጥ አለች።

እኔም በኋላ ለሽማግሌው፣ ተአምር እንዳይመስልዎ፣ አጋጣሚ ነው፣ ሳይንስ ነው ብዬ በሰፊው አስረዳኋቸው። በትዕግሥት አዳመጡኝ። ትናንት ካንቲና ስወርድ የጠበል ጠርሙሴ ከመሣሪያዎቻቸው መሃል፣ ከመበየጃው ጎን ተቀምጧል። ግማሹ የለም። የት ደረሰ ብላቸው፣ ዞር ብለው እንኳ ሳያዩኝ፣ የልጄ ፕሪንተር አልሠራ ብሎ ነው አሉኝ።