የአቶ ቬርሊን ግማሽ ሰዓት

አጋዘን የሚያድን ሰው ሁሉ አንድ መምህር አለው፤ መምህሩን መርጦ ያመጣ ግን የለም። እሱ ራሱ ይመጣል፤ አጥር ተደግፎ፣ ማንም ሳይጠይቀው ያስተምራል። የእኔው ሊቀ ሊቃውንት አቶ ቬርሊን ስተንስሩድ ይባላሉ። ሰባ አራት ዓመታቸው ነው፤ እዚህ ዊስኮንሲን ገጠር፣ ከቤቴ ቁልቁል ያለው እርሻ የሳቸው ነው።

አቶ ቬርሊን የማያውቁት ነገር ቢኖር ዝም ማለት ብቻ ነው። "አጋዘን ማለት አፍንጫ ነው፤ የቀረው እግር ነው" ይላሉ፤ ነዳጅ ስቀዳም፣ ጥርሴን አሞኝ ሐኪም ቤት ስሄድም። በገዛ አጎታቸው ልጅ ቀብር ላይ፣ ቄሱ ጸሎት ሲያደርሱ፣ እሳቸው ጣታቸውን በምራቅ አርሰው ወደ ላይ አነሡና "ነፋሱ ከሰሜን ነው" ብለው ሹክ አሉኝ። አንድ እሑድ ደግሞ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ አንገቴን አሸተቱና "ሳሙና! አንተ ሰውዬ፣ በአደን ወር ሽታ ባለው ሳሙና ትታጠባለህ?" ሲሉ ምእመኑ ሁሉ ዞረ። ከዚያ ወዲህ አደኑ እስኪያልቅ ሳሙና እርም አልኩ፤ ባለቤቴ ሎርናም ሶፋ ላይ አስተኛችኝ።

እንዲህ ሲያስተምሩኝ ዘጠኝ ዓመት ሞላ፤ እኔም ዘጠኝ ዓመት ባዶ እጄን ገባሁ። ሠፈርተኛው "ዛፍ ጠባቂው" ይለኛል። ሳቁስ ግድ የለም። ያንገበገበኝ የአምናው ነው፤ አንዷን በቀስት መትቼ አጣኋት። ማንንም ሳልጠራ ብቻዬን ስፈልግ ነጋ፤ የለችም። እንስሳ አቁስሎ ጫካ ውስጥ መተው እኛ ዘንድ ነውር ነው። ዘንድሮ ከደገምኩት ቀስቴን ለዘላለም እሰቅላለሁ ብዬ ማልኩ።

ዘንድሮ የአቶ ቬርሊን ዳሌ በብረት ተተካ። ሐኪሙ መሰላል ከለከላቸው፤ ሚስታቸው ወይዘሮ አርዲስ ደግሞ ሐኪሙ የረሳውን ሁሉ ጨምረው ከለከሉ። ስለዚህ ሠላሳ ዓመት ከሳቸው በቀር ማንም ያልወጣበትን፣ በቆሎው ዳር ዛፍ ላይ ያለውን ማማቸውን ለእኔ ለቀቁልኝ። እሳቸው መንገድ ዳር መኪናቸው ውስጥ ስልክ ይዘው ተቀመጡ።

ጀንበር ልትጠልቅ ስትል ከበቆሎው መሀል ወጣች፤ ሴት ናት፣ የሰባች፣ ቀስ እያለች የምትራመድ። ቀስቴን አነሣሁ። ሃያ እርምጃ ላይ ጎኗን ስትሰጠኝ አውታሩን ለቀቅሁት። ዘለለችና ጫካ ገባች።

ደወልኩ። "መታኋት!"

"የት ላይ?"

"ከክንዷ ኋላ መሰለኝ።"

"መሰለኝ የሚባል ቦታ የላትም። ግማሽ ሰዓት እንዳትነቃነቅ። ካሳደድካት ትሮጣለች፤ ከተውካት ትተኛለች።"

ይህን ሺህ ጊዜ ሰምቼዋለሁ። ግን ዐሥር ደቂቃ ሳይሞላ ጠብ ጠብ ማለት ጀመረ። ዝናብ! ደሙን ሊያጥብብኝ ነው። የአምናው ሌሊት ፊቴ ላይ ድቅን አለ። የታሰርኩበትን ቀበቶ ፈትቼ አንድ እግሬን መሰላሉ ላይ ሳሳርፍ ስልኬ ነዘረ።

"እግርህ መሰላሉ ላይ ነው አይደል?"

"አቶ ቬርሊን፣ ዝናቡ እኮ..."

"ዝናቡን አይቼዋለሁ። መልሰው!"

መለስኩት። እንደዚያ ግማሽ ሰዓት የረዘመብኝ ነገር የለም።

ስወርድ አቶ ቬርሊን ባትሪ ይዘው፣ ከዘራቸውን እየተከሉ ዛፉ ሥር ደርሰዋል። ደሙን ተከትለን ጥቂት እንደሄድን ጠፋ። ቅጠሉ ሁሉ ታጥቧል።

"በቃ፣ ደገምኩት" አልኩ።

ከዘራውን አቀበሉኝና በእጅና በእግራቸው ጭቃው ላይ ይድሁ ጀመር። "ኧረ ዳሌዎን!" ብል ማን ሰምቶኝ። "ዝናብ የሚያጥበው ላዩን ነው" አሉ። "ስትሮጥ የገለበጠችው ቅጠል ሥር ይተርፋል።" አንድ ቅጠል አነሡ፤ ከሥሩ ጠብታ ደም። ሌላ አነሡ፤ ምንም። ሌላ። እንዲህ እየዳሁ ከወደቀ ግንድ ጀርባ አደረሱኝ። እዚያው ተኝታለች፣ ሞታለች።

ዘፍ ብዬ ተቀመጥኩና "ተመስገን" አልኩ። አለቀስኩም፤ አላፍርም።

አቶ ቬርሊን ኮፍያቸውን አውልቀው ከጎኔ ተቀመጡ። ዝምታቸው ሲረዝም አመማቸው ብዬ ፈራሁ።

"አምና ለምን አልጠራኸኝም?"

"ይቆጡኛል ብዬ።"

"እቆጣህ ነበር። ግን እመጣ ነበር።" ኮፍያቸውን እየጨመቁ፣ "እኔ ሦስት አጥቻለሁ። ለማንም ተናግሬ አላውቅም" አሉ።

አቅፌ ጉንጫቸውን ብስማቸው ደስ ባለኝ። በእኛ አገር ወንድ ለወንድ እንዲህ አይደረግምና ትከሻቸውን መታ መታ አደረግኩ።

አጋዘኗን መኪናቸው ላይ ጭነን ቤታቸው ስንደርስ ወይዘሮ አርዲስ በረንዳው ላይ ቆመው ነበር። አጋዘኗን ዞር ብለውም አላዩ፤ ያዩት ጭቃ የለበሰውን የባላቸውን ጉልበት ነው።

"ምን ሲሠራ ነበር?" ብለው እኔን ጠየቁኝ።

ሊቁ መሬት መሬት ያያሉ። ያ ሁሉ አንደበት የት ገባ!

"ተንበርክከው ሲጸልዩ ነበር" አልኩ። "ለእኔ።"

ወይዘሮ አርዲስ እኔን አዩ፣ እሳቸውን አዩ፣ በመጨረሻም መኪናው ላይ የተኛችውን አጋዘን አዩ።

"እንግዲያው ተሰምቶለታል" አሉ። "ግቡ፣ ሾርባው ቀዘቀዘ።"