እጅ የማይነሳው ባል

የተመልካች ሁኔታ ገምጋሚ ኮሚቴ አስቸኳይ ስብሰባ ቃለ ጉባኤ

ቀን፦ እሑድ፣ የከሰዓት በኋላው ትርኢት እየታየ ሳለ።

ቦታ፦ ትያትር ቤቱ መድረክ ላይ፣ ከፊልሙ ሸራ ጀርባ። (የጽሕፈት ቤቱ ጣሪያ ስለሚያፈስና ሰብሳቢው «ዝናብ እየተንጠባጠበብኝ አልወስንም» ስላሉ።)

የተገኙ፦
1. የትያትር ቤቱ ሥራ አስኪያጅ — ሰብሳቢ
2. የትርኢቱ አዘጋጅ — አባል
3. ሒሳብ ሹሟ — አባል
4. በፊልሙ ባል ሆኖ የሚጫወተው ተዋናይ፣ በቤቱ አጠራር «አጅሬ» — የተዋንያን ተወካይ
5. ትኬት ቆራጩ — የተመልካች ታዛቢ
6. ልብስ ሰፊዋ — ጸሐፊ፣ ያለ ድምፅ

ያልተገኘች፦ ዘፋኟ። ከሸራው ማዶ እየዘፈነች ስለሆነ።

አምስቱም ድምፅ ሰጪዎች ስለተገኙ ምልዓተ ጉባኤው መሟላቱ ተረጋግጧል። ሰብሳቢው ስብሰባውን ከመክፈታቸው በፊት አንድ ደንብ አስጸድቀዋል፤ ማንኛውም አባል ቃለ ጉባኤው ሳይፈረም ጥሎ ቢወጣ፣ እስከዚያ የተወሰነው ሁሉ እንዳልተወሰነ ይቆጠራል። ሒሳብ ሹሟ ባለፉት ስብሰባዎች «መጣሁ» ብለው እንደወጡ ስለሚቀሩ ነው። ሒሳብ ሹሟም «ገባኝ፣ ለእኔ ነው» ብለው ደንቡን ደግፈዋል።

ቦታው ጨለማ ስለነበረ ትኬት ቆራጩ ከመጋዘን ትልቁን ባውዛ አምጥተዋል። የሚሰቀልበት ስላልተገኘ ከሁላችን ጀርባ ቆመው በእጃቸው ይዘውታል። በጊዜው ጥሩ መፍትሔ መስሎን ነበር።

ለማያውቅ ሰው እንዲገባ ያህል፣ ትርኢቱ ግማሹ ሰው ግማሹ ፊልም ነው። ሚስትየዋ መድረክ ላይ በአካል ቆማ ትዘፍናለች። ባልየው ሸራው ላይ ነው፤ ተቀርጾ ያለቀ ነው። ወደ ሩቅ ወደብ ለሥራ ይሄዳል፣ ከዚያ ሆኖ በዜማ ይመልስላታል፣ እስከ መጨረሻው ግን ቤቱ አይገባም። ዘፋኟ የጸሐፊዋ ታናሽ እህት መሆኗን ጸሐፊዋ ስታስታውቅ ሰብሳቢው «እና ምን ይጠበስ?» ብለዋል። ተመዝግቧል።

አጀንዳ አንድ፦ የተመልካቹ ሁኔታ

ትኬት ቆራጩ ባውዛውን እንደያዙ ሪፖርት አቅርበዋል። ከፊት ወንበር የማይጠፉ አንድ እናት ባልየው በታየ ቁጥር «አንተ የማታፍር!» እያሉ ይጮሃሉ። ባለፈው ነጠላ ጫማቸውን ወርውረውበታል፤ በባዶ እግራቸው እንዳይሄዱ ተመልሶላቸዋል። አንድ አዛውንት ደግሞ «ልጆቼ፣ እኔ ላስታርቃችሁ» ብለው መድረክ ላይ ወጥተው ሸራውን ሲመክሩ ቆይተዋል። የወረዱት ተቀይመው ነው፤ «ታላቅ ሰው ሲያናግረው ዓይኑን እንኳ አያዞርም» ብለዋል።

አንድ ሰውዬ የመጣሁት ለትያትር ነው በማለት ፊልሙ ሲጀመር ጀርባውን እንደሚሰጥ፣ ሚስቱ ደግሞ የመጣችው ለፊልም ስለሆነ ዘፋኟ ስትወጣ ዓይኗን እንደምትጨፍን ተገልጿል። ቤታቸው ሲገቡ ግማሽ ግማሹን ይነጋገራሉ ተብሎ ይገመታል። «ጭንቅላቱ ቤት የሚያክል ባል እንዴት አድርጋ ታለብሰዋለች?» የሚል ጥያቄም ቀርቧል። መልስ አልተገኘለትም።

አጅሬ ተነስቶ በዚህ ትርኢት የተጎዳው እሱ ብቻ መሆኑን ተናግሯል። ታክሲ ሲጠብቅ ሰልፈኞች «ቤትህ ግባ!» ብለው ከተራ አስወጥተውታል። አማቱ ትርኢቱን ካዩ ወዲህ «ልጄንም እንዲሁ ልታደርጋት ነው» ብለው ሰላምታ ነፍገውታል። ሒሳብ ሹሟ የፊልሙን ባርኔጣ እስከ ስብሰባ ድረስ አድርጎ ከሚዞር ለምን እንደማያወልቀው ጠይቀውታል። አጅሬ ባርኔጣውን አውልቆ ግንባሩን ጠርጎ መልሶ አድርጎታል፤ ያለሱ ማንም እንደማያውቀው ገልጿል።

በዚህ ጊዜ ከአዳራሹ ከፍተኛ ሳቅ ተሰማ። አዘጋጁ ከወንበራቸው ዘለው ተነስተው «ይኸው! አሁን የስንብቱ ቦታ ነው፤ የማልቀሻው ቦታ! ማልቀሻው ላይ ይስቃሉ!» ሲሉ ሳቁ ጨምሯል። የተመልካቹ ሥነ ሥርዓት ከተፈራው በላይ መበላሸቱን ኮሚቴው በጆሮው አረጋግጧል።

አጀንዳ ሁለት፦ ባልየው እጅ አለመንሳቱ

ሕዝቡ ለባልየው ዘፈን ሲያጨበጭብ ባልየው እጅ እንደማይነሳና ይህም እንደ ንቀት እንደሚታይ ቀርቧል። አጅሬ እጅ ሲነሳ ተቀርጾ ፊልሙ ላይ እንዲቀጠልለት ጠይቋል። አዘጋጁ «ጭብጨባው ቢያጥርስ? ባዶ አዳራሽ ውስጥ ሊያጎነብስ ነው?» ብለዋል። ሒሳብ ሹሟ ለብዙ ጭብጨባ፣ ለጥቂት ጭብጨባና ጭራሽ ላልተጨበጨበ ሦስት ፊልም እንዲዘጋጅ አሳስበዋል። በሦስተኛው ላይ አጅሬ መሬት መሬት እያየ እንዲወጣ ሐሳብ ሲቀርብ፣ «በገዛ ፊልሜ አላፍርም» ብሎ ተቀምጧል።

እጅ አነሳሱ ምን ያህል ይሁን በሚለው ላይ ሰብሳቢው ራሳቸው ተነስተው ዝቅ ብለው አሳይተዋል። አዳራሹ አጨበጨበ። እንደገና አሳዩ፤ እንደገና አጨበጨበ። ሰብሳቢው «አያችሁ? ሲፈልጉማ በልክ ያጨበጭባሉ» ብለው ሦስተኛ አሳይተዋል። ለሦስተኛው ከመሐል ፉጨትም ነበረበት። ሰብሳቢው ከዚህ በኋላ ፊታቸው በጣም ፈክቶ ታይቷል።

ከረጅም ውይይት በኋላ አንድ ብቻ የእጅ መንሻ ፊልም እንዲዘጋጅና፣ ተመልካቹ በዚያው ልክ እንዲያጨበጭብ በየወንበሩ ጀርባ ማሳሰቢያ እንዲለጠፍ ተወስኗል።

አጀንዳ ሦስት፦ ዘፋኟን በፊልም ስለመተካት

አዘጋጁ የችግሩ ሥር ባልየው ሳይሆን ሚስትየዋ እንደሆነች አስረድተዋል። ተመልካቹ የሚናገረው የምትመልስለት ስላገኘ ነው። ባለፈው ዓርብ ነጠላ ጫማ የወረወሩት እናት «ልጄ፣ እህል ቀምሰሻል?» ሲሏት፣ ዘፋኟ ዜማውን ሳትለቅ «ኧረ አልቀመስኩም» ብላ መልሳለች። አዳራሹ አብሮ ሳቀ፣ አብሮ አለቀሰ። ፊልሙ ግን አይጠብቅም፤ ባልየው ያልተጠየቀውን እየመለሰ ሄደ፤ ከዚያ በኋላ እስከ መጋረጃ መዝጊያ ሁለቱ አልተገናኙም።

ስለዚህ ከነገ ጀምሮ ዘፋኟ አንድ ጊዜ ተቀርጻ እንድትሰናበትና በእሷ ቦታ ፊልሟ እንዲቆም ሐሳብ ቀርቧል። «ፊልም ጉንፋን አይዘውም፣ አያስለውም፣ ደግሞ መልስ አይሰጥም» ብለዋል። ጸሐፊዋ «ከዚያስ እሷ ምን ልትሆን ነው?» ስትል ያለ ድምፅ እንደተገኘች ተነግሯታል። አዘጋጁ ግን ለበጎ ፈቃድ ያህል «ታርፋለች» ብለዋል። እህቴ ዕረፍት አልጠየቀችም። ልብስ ስናጥብ ጭንቅላቷን ባልዲ ውስጥ ከትታ እየዘፈነች፣ «ይኸው ሕዝቡ መለሰልኝ» እያለች ያደገች ልጅ ናት። ይህ ቃለ ጉባኤ ውስጥ አይገባም ተብሏል። ገብቷል።

ሒሳብ ሹሟ ባልም ሚስትም ፊልም ከሆኑ በሕይወት ያለ የሚረብሽ የሚቀረው ተመልካቹ ብቻ መሆኑን ጠቁመዋል። በመሆኑም ጨዋ ጨዋ ዘመዶች ተመርጠው ወንበር ላይ ተቀምጠው እንዲቀረጹና፣ ፊልማቸው ከመድረኩ ትይዩ በሁለተኛ ሸራ እንዲታይ አሳስበዋል። «ሁለቱ ፊልሞች እየተያዩ ያመሻሉ፤ እኛ በሩን ቆልፈን ቤታችን እንገባለን» ብለዋል። ሲናገሩ አልሳቁም። ትኬት ቆራጩ «ታዲያ እኔ የማንን ትኬት ልቁረጥ?» ብለው ባውዛውን ሲያወዛውዙ በአዳራሹ ሁካታ ሆኗል። የትኬቱን ጉዳይ ሌላ ኮሚቴ እንዲያየው ተብሎ ታልፏል።

ዘፋኟን በፊልም መተካቱ ለድምፅ ቀረበ። ሰብሳቢው፣ አዘጋጁና ሒሳብ ሹሟ እጃቸውን አወጡ። አጅሬ ሲያመነታ አዘጋጁ «የእጅ መንሻ ፊልሙን አስብ» አሉት። አሰበ፤ እጁን አወጣ። ትኬት ቆራጩ እጃቸው ባውዛ ስለያዘ ድምፀ ተአቅቦ ተመዝግቦላቸዋል።

ድጋፍ አራት፣ ተአቅቦ አንድ። ጸሐፊዋ ይህን ስትጽፍ አልቅሳለች።

ወዲያው አዳራሹ ተናወጠ። «ባልየውም! ባልየውም እጁን አወጣ!» የሚል የሴት ድምፅ ከሁሉም በላይ ተሰማ። ሰብሳቢው ጥበቃ እንዲጠራ ሊያዙ ሲሉ፣ ዘፋኟ በሸራው ጠርዝ በኩል ጭንቅላቷን አስገባች። የተናገረችው እንዲህ ነው፦ «እትዬ፣ ኧረ ጉድ ነው! ጥላችሁ እኮ ሸራው ላይ ነው! የወደቡ ሌሊት ሲመጣ ፊልሙ ይጨልማል፤ ያኔ እናንተ ቤት አክላችሁ ትታያላችሁ! ሰውዬው ሲያጎነብሱ፣ አጅሬ ባርኔጣውን ሲያወልቅ… ሕዝቡ እኮ ከመጀመሪያው ጀምሮ የሚስቀው በእናንተ ነው!»

ሰብሳቢው ቀስ ብለው «ጭብጨባውስ?» ሲሉ ጠይቀዋል። «እሱም ለእርስዎ ነው» ተብለዋል።

ዘፋኟ ቀጥላ «ቆይ፣ በምን ጉዳይ ነው እጅ ያወጣችሁት?» አለች። ጸሐፊዋ የመናገር መብት ስለሌላት ወረቀቱን አሳይታታለች። ዘፋኟ አነበበች። ፊቷ አመድ መሰለ። ጭንቅላቷን መልሳ ወጣች።

ከዚያ ከሸራው ማዶ ድምፅዋ ተሰማ። ዜማው የስንብቱ ዜማ ነበር፤ ቃሉ ግን ተለውጧል። በእኔ ቦታ ፊልሜ ሊቆም ነው፣ እህል ቀምሰሻል ብትሉኝ መስማት አልችልም፣ ደህና ሁኑ እያለች ነበር የምትዘፍነው። መጀመሪያ የተናገሩት ባለ ነጠላ ጫማዋ እናት ናቸው፤ «እሷንማ አንሰጥም!» አሉ። ከዚያ አዳራሹ ሙሉ «አንሰጥም!» አለ። ሰብሳቢው ይህ እንደ ረብሻ እንዲመዘገብ አዝዘዋል። ጸሐፊዋ እንደሚከተለው መዝግባለች፦ ድጋፍ አራት፣ ተአቅቦ አንድ፣ ተቃውሞ አንድ አዳራሽ።

ሕዝቡ ወደ አጅሬ ሲዞር፣ «ያ ባለ ባርኔጣ! በገዛ ሚስትህ ላይ ትፈርዳለህ?» እየተባለ ሲጮህበት፣ አጅሬ «እንዴ! ስሜ ጠፋ እኮ!» ብሎ ከወንበሩ ተነሳ። አዘጋጁ ኮቱን ቢይዙትም አስለቅቆ በሸራው ጠርዝ በኩል ወጥቷል። ሸራው ላይ ባልየው ሩቅ ወደብ ቆሞ ይዘፍናል፤ ሸራው ፊት ያው ባል፣ ያው ባርኔጣ፣ ላብ በላብ ሆኖ ቆሟል። ከዚያ የእናትየዋ ጥያቄ ተሰማ፦ «ልጄ፣ የቱ ነው ያንቺ?»

ዘፋኟ «ይሄኛው ይሻለኛል፤ ሲጠሩት ይሰማል» ብላለች።

የተጨበጨበውን ጭብጨባ ለመግለጽ ጸሐፊዋ ቃል አላገኘችም።

ልዩ ልዩ

ሒሳብ ሹሟ፣ አጅሬ ቃለ ጉባኤው ሳይፈረም ጥሎ መውጣቱን በታላቅ ደስታ አስገንዝበዋል። በደንቡ መሠረት የተወሰነው ሁሉ እንዳልተወሰነ ሊቆጠር መሆኑን የተረዱት አዘጋጅ፣ አጅሬ አለመውጣቱን ተከራክረዋል። «ይኸው ሸራው ላይ አለ! ፊልሙ አላለቀም! በአካል ባይኖር በፊልም አለና እንደተገኘ ይቆጠር» ብለዋል።

ሰብሳቢው ባስጸደቁት ደንብ ሲመጡባቸው አይወዱም። ጠረጴዛ ስላልነበረ ጉልበታቸውን መትተው «እንዴት ያለ ነገር ነው! ፊልም ሰውን ተክቶ አይቆምም!» ሲሉ ወስነዋል።

ጸሐፊዋ ቃል በቃል መመዝገብ ስላለባት ሰብሳቢው የተናገሩትን ቀስ ብለው እንዲደግሙላት በትሕትና ጠየቀች። ሰብሳቢው «ፊልም ሰውን ተክቶ…» ብለው ጀምረው ግማሽ ላይ ቆሙ። ወደ አዘጋጁ ተመለከቱ። ወደ ሸራው ተመለከቱ። ከአዳራሹ «ሰውዬው ይውጡ! ያጎነበሱት ሰውዬ!» የሚል ጥሪ እየተሰማ ነበር። ክራቫታቸውን አስተካክለው ዓረፍተ ነገሩን ጨርሰዋል።

የመጨረሻ ውሳኔ፦ ፊልም ሰውን ተክቶ እንደማይቆም በሰብሳቢው ስለተበየነና ምልዓተ ጉባኤው ስለፈረሰ፣ በአጀንዳ ሁለትም ሆነ ሦስት የተወሰነው በሙሉ ተሽሯል። ዘፋኟ ከነገ ጀምሮ እንደ ወትሮው፣ በአካል፣ መልስ እየሰጠች ትዘፍናለች። ይህን ጸሐፊዋ ሁለት ጊዜ አስምራበታለች።

ስብሰባው ፊልሙ እንዳለቀ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ተዘግቷል። ሰብሳቢው ወደ አዳራሹ የሚወጡበትን የሸራ ጠርዝ ትኬት ቆራጩ በባውዛ አብርተውላቸዋል።

የፈረሙ፦ አዘጋጁ (እያጉረመረሙ)፣ ሒሳብ ሹሟ (ለመጀመሪያ ጊዜ እስከ መጨረሻው ተቀምጠው)፣ ትኬት ቆራጩ፣ ጸሐፊዋ።

ያልፈረሙ፦ ሰብሳቢውና አጅሬ። ገና እጅ እየነሱ ናቸው።